ሳር ሳጠጣ «አቃጠልሽኝ!» ያለኝ ድምፅ

ትናንት ቀትር ላይ... ወላሂ የሆነብኝን ልንገራችሁ። ፊደል ከሳትኩ አውፍ በሉኝ፣ ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት።

እዚህ ሐይቅ ከተማ የሰው ቤት ነው የምጠብቀው። ባለቤቷ እትዬ ዘሀራ ጅዳ ናቸው፣ ሰው ቤት ይሠራሉ። እኔና ባሌ ጓሮ ካለችው ክፍል በነጻ እንኖራለን፣ በሱ ፈንታ ግቢውን እኔ እይዛለሁ... ሳሩን አጠጣለሁ፣ ጽጌረዳውን እኮተኩታለሁ። ሳሩን እንዴት እንደሚወዱት! ከኔ በፊት የነበረችው ልጅ ስትወልድ አስወጥተዋታል አሉ... ህጻን ያለበት ግቢ ሳር አይበረክትም ብለው።

እኔ ደግሞ ካረገዝኩ ሦስት ወሬ ነው። ከባሌ በቀር ማንም አያውቅም።

አምና አንዱ ወርዶብኛል። ያኔ አማቴ ምን አሉኝ... «ቢስሚላህ ሳትይ መሬት ላይ ሙቅ ውሃ ደፍተሽ ነው። ጂን አቃጥለሽ ነው፣ እነሱም በሆድሽ መጡብሽ።» ከዛ ወዲህ የፓስታ ውሃ እንኳ ስደፋ ሦስቴ ነው ቢስሚላህ የምለው።

ትናንት ታዲያ ውሃ በአራተኛ ቀኑ መጣ፣ የቀትሩ የዙህር አዛን ሊል ትንሽ ሲቀረው። እትዬ «ፀሐይ ላይ እንዳታጠጪ፣ ጠዋትና ማታ ብቻ» ብለውኛል። ግን እስከ ማታ ይቆያል ወይ ውሃው? ማን ያውቃል። ሮጬ ቧንቧውን ከፈትኩ።

ጎማው ለካ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ተጋድሞ ነበር... አፉን ወደ ሳሩ ሳዞረው መጀመሪያ እግሬ ላይ ፈሰሰ። የፈላ ውሃ በሉት! ዘልዬ ለቀቅኩት፣ ሳሩ ላይ ተንዶቀዶቀ።

ያኔ ነው ትዝ ያለኝ... ቢስሚላህ አላልኩም።

ገና አፌን ልከፍት ስል ከበላዬ...

«አቃጠልሽኝ!»

ዞርኩ። ሰው የለም። በሩ ተቀርቅሯል። ባሌ ውጫሌ ገበያ ሄዷል። ድምፁ የሴት ነው፣ ግን እንደ ሰው አይደለም... ቆርቆሮ ውስጥ ሆና የምትናገር ነው የምትመስለው።

«ኧረ አቃጠልሽኝ አንቺ ልጅ! ምን በድዬሽ ነው?»

እርጥቡ ሳር ላይ ቁጭ አልኩ። ከጂን ይጠብቃል የሚባለውን አየተል ኩርሲ ልቀራ ብል ከመሀሉ ጠፋኝ፣ እንደገና ብጀምር አሁንም ጠፋኝ።

«አላየሁሽም! ወላሂ አላየሁሽም እህቴ!» አልኩ።

«አንቺ አታይኝም፣ እኔ ግን ቁጭ ብዬ ነው የማይሽ!»

ያ አላህ... ሁለት እጄን ሆዴ ላይ አደረግኩ። ጮክ ብዬ አለቀስኩ።

«እኔን የፈለግሽውን አድርጊኝ፣ ሆዴን ግን ተይልኝ! አርግዣለሁ... አንዱን ወስዳችሁብኛል፣ ይሄን እንኳ ተዉልኝ!»

ውሃው ብቻ ይፈሳል... እኔ ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ፣ አሁን ሆዴን ይቆርጠኛል፣ አሁን ይቆርጠኛል እያልኩ።

ከዛ ድምፁ ቀስ ብሎ...

«ከድጃ... አርግዘሻል እንዴ?»

ስሜን ጠራኝ! ልጮህ ስል ኪሴ ውስጥ ስልኬ ቀደመኝ። ጅዳ ነው። እንዴት እንዳነሳሁት አላውቅም። ያው ድምፅ ከስልኩም ከግድግዳውም እኩል ይመጣል።

«እኔ ነኝ! ዘሀራ ነኝ! ቀና በይ አንቺ፣ ካሜራው ነው!»

ቀና አልኩ። ማክሰኞ ለት ወንድማቸው «መብራት ላስተካክል» ብሎ መጥቶ ከጣሪያው ስር የሰካት ነጭ ነገር አለች... እኔ አምፖል መስላኝ ነበር። ለካ ታያለች፣ ትሰማለች፣ ትናገራለች። እትዬም «አቃጠልሽኝ» ያሉት በቀትር ሳር ሳጠጣ አይተው ተናደው ነው!

ሳቄ መጣ። ግን ሳልስቅ ሌላ ፍርሃት ያዘኝ። ሦስት ወር የደበቅኩትን በገዛ አፌ ጮኼ ነገርኳቸው።

«ለምን ደበቅሽኝ?» አሉ።

«ያስወጡኛል ብዬ ነዋ እትዬ... ያችን ልጅ አስወጥተዋት የለ?»

ከኋላቸው ሰው በአረብኛ ሲጣራ ይሰማኛል። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የኔዋም ማዳም እንዲህ ነው ከግድግዳ የምትጠራኝ። ሦስት ዓመቴ ነው፣ እስከ ዛሬ ስትጠራኝ ሳህን ከእጄ ያመልጣል። አስደነገጥኩሽ አይደል?»

«ሞቼ ነበር እትዬ።»

«ሆድሽን ያመሻል?»

«አይ።»

«ደም አለ?»

«የለም።»

«አልሃምዱሊላህ። አብሽሪ። የትም አትሄጂም። ያችን ልጅ... እሷን በድያታለሁ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። አሁን ውሃውን ዝጊና ጥላ ግቢ።»

«ሳሩስ?»

«ይድረቅ!»

ጥላው ስር ገብቼ ብዙ ሰዓት ሆዴን ይዤ ተቀመጥኩ። አልሃምዱሊላህ ምንም አልሆንኩም።

ግን ዛሬ... ከነጋ ጀምሮ ግድግዳው አላስቀምጥ ብሎኛል። «ከድጃ፣ ቁርስ በላሽ?» ባልዲ ሳነሳ «አስቀምጪው!» ጎንበስ ስል «ቀስ በይ!» ባሌ ተነስቶ ጎማውን ቢይዝ እሱንም «ወደ ግራ፣ ወደ ግራ! ጽጌረዳዋን ረሳሃት!» ይሉታል። ምስኪን፣ «እሺ እትዬ፣ እሺ እትዬ» እያለ ለግድግዳ ይሰግዳል።

ጂን ቢሆን እኮ የሰፈሩ ሼኽ ቁርአን ቀርተውብኝ ይለቀኝ ነበር... እትዬ ዘሀራን ማን ያስለቅቀኛል?