አባቴ ያለ ፈረስ የመጣ ቀን

ነገሩ የሆነው በ2007 ዓ.ም. ነው። ፈረስ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ የምንኖርበት እንጅባራ ደግሞ ፈረስ የማይታይበት ቀን የለም።

አባቴ በጥርባ ገጠር የሚኖር ገበሬ ነው። ከፈረሱ የሚወርደው ለጸሎትና ለእንቅልፍ ብቻ ነው ብል ብዙ አልዋሸሁም። ያኔ በገበያ ቀን እኛ ቤት ጎራ ይላል። የአራት ዓመቷ ልጄ ማኅሌት ኮቴ ስትሰማ ሮጣ ትወጣና ካፖርቱ ውስጥ ትገባለች።

ብዙም ሳይቆይ ደረቷ ሲር ሲር ይላል፤ ትንፋሽ ያጥራታል። አስም እንዳለባት እናውቃለን። አባቴ በመጣ ቀን የሚብስባት ለምን እንደሆነ ግን አልገባንም። ጎረቤታችን ገብቷት ኖሮ፣ “የሽማግሌው ዓይን ከባድ ነው” ብላ አወራች። ወሬው ጥርባ ለመድረስ የገበያ ቀን እንኳ አልጠበቀም።

አባቴ መምጣቱን ተወ። ማኅሌት ኮቴ በሰማች ቁጥር ወደ በር ትሮጣለች፤ የጋሪ ፈረስ ሆኖ ታገኘዋለች። አንጀቴን በላችው።

ሄጄ ለመንኩት።

“ዓይኔ ቢሆንስ ልጄ? እሷን ከምጎዳ ሳላያት ልሙት” አለኝ።

እንደ ምንም ብዬ በማኅሌት የቀጠሮ ቀን ሐኪም ቤት አመጣሁት። ጥግ ላይ ተቀምጦ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

“አባት፣ ለምን ፊትዎን አዞሩ?” አለች ሐኪሟ።

ነገርኳት። ካፖርቱን አየት አድርጋ ከኮሌታው ላይ የፈረስ ፀጉር አነሳች።

“ሰውነታችን ውስጥ ዘበኞች አሉ” አለችው። “ጠላት የገባ ሲመስላቸው መልእክተኛ ንጥረ ነገር ይለቃሉ። የማኅሌት ዘበኞች ከፈረሱ ገላ የሚረግፈውን ብናኝ ጠላት ይሉታል። መልእክቱ ሲበዛ የአየር ቧንቧዋ ያብጥና ይጠባል።”

አባቴ ፊቱን ከግድግዳው ሳያዞር መለሰላት። “ሌባ ሳይኖር ኡኡ ብለው አገር ያስወጣሉ በይኛ።”

“ልክ ነዎት።”

“ዓይኔ አይደለም?”

“አይደለም አባት።”

ቀስ ብሎ ዞረና ማኅሌትን አያት። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ገበያ ኮቴ ሳንሰማ በር ተንኳኳ። አባቴ ነው፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ የለበሰው ጋቢ ግን ሳሙና ሳሙና የሚሸት።

“አባባ፣ ፈረሱስ?” አለች ማኅሌት።

“ዘበኞችሽን ስለሚያስጮህ ቤት ተቀመጥ አልኩት” ብሎ አቀፋት። ጆሮዬን ደረቷ ላይ አድርጌ ቆየሁ። ሲር የሚል የለም።

ማኅሌት መድኃኒቷን እየወሰደች አድጋለች። እሱ ግን ዛሬም ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ ይመጣል። ሚኒባስ አለልህ እኮ ስለው፣ “ከሌላ ባለፈረስ ጎን ቢያስቀምጡኝስ?” ይለኛል። እስቃለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ሆዴ ይባባል።