የቀበሌ ንብረት የሆነው የወንድሜ ጊታር

ደርግ ሊወድቅ ሦስት ዓመት ገደማ ሲቀረው የጀመረ ጣጣ ነው። እስከ ዛሬ ሳስበው ያበሳጨኛል፤ ከሁሉ የሚያበሳጨኝ ግን መጨረሻው ላይ እኔው ራሴ ያደረግሁት ነገር ነው።

ታላቅ ወንድሜ በንጉሡ ጊዜ ሆቴል ውስጥ ጊታር ይጫወት ነበር። በሕመም ሲሞት ጊታሩ ለእኔ ቀረ። እንደ ተራው ጊታር አይደለም። ደረቱ ጎበጥ ተደርጎ የተቀረጸ ነው፤ መሐሉ ላይ ክብ ቀዳዳ የለውም፣ እንደ ቫዮሊን በግራና በቀኝ ነው የተከፈተው። ቦሌ ያለው ቤታችን ሰርቪስ ውስጥ አስቀምጬው ጣሪያው እያፈሰሰ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ጠጣ። ጀርባው ተላቀቀ፣ አንገቱ ጠመመ።

መገናኛ አካባቢ የሚሠሩ አንድ አናጺ ዘንድ ወሰድኩት። አልጋና ቁም ሣጥን እንጂ የሙዚቃ ዕቃ አልሠራም ብለው እምቢ አሉኝ። ስመላለስባቸው ተሸነፉ። ቅዳሜ ቅዳሜ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ኮላ እያሞቅሁ፣ እሳቸው ስንጥቁን በስስ እንጨት እየሞሉ፣ አንድ ዓመት ፈጀብን። ክሩን ወጥሬ የመታሁት ዕለት ወንድሜ ጓዳ ያለ መሰለኝ።

ደስታዬ ወር አልሞላም። በረንዳ ላይ ስጫወት የቀበሌያችን ሊቀመንበር በደጅ ሲያልፍ ሰማኝ። ገባና የኪነት ቡድኑ ለአብዮት በዓል ጊታር እንዳጣ፣ ለአንድ ሳምንት ብቻ እንደሚፈልገው ነገረኝ። በዚያ ዘመን ሊቀመንበርን እምቢ ማለት ምን እንደሚያመጣ አውቃለሁ። ሰጠሁት።

በዓሉ አለፈ። ስሄድ ስብሰባ ላይ ነው ይሉኛል፤ ሌላ ቀን ስሄድ አሁን ወጣ ይሉኛል። በስንት መከራ አገኘሁት።

"ጓድ፣ ዕቃው እኮ መዝገብ ላይ ሰፍሯል" አለኝ።

ለማስወጣት ከቀበሌው በላይ ያለው የከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ያስፈልጋል። ከፍተኛው ደግሞ መጀመሪያ ከቀበሌህ አጽፍ አለኝ። ቀበሌው የከፍተኛው ይቅደም አለ። በዚህ መሐል ክረምት ወጥቶ ክረምት ገባ።

በመጨረሻ ሊቀመንበሩ፣ ውለታ የዋለልኝ መስሎት፣ የኪነት ቡድኑ አባል ብሆን ልጫወትበት እንደምችል ነገረኝ። የገዛ ጊታሬን ለመንካት ስል ገባሁ። በሳምንት ሦስት ቀን ከሥራ ወጥቼ ንብረት ክፍሉ መስኮት ላይ ፈርሜ እወስዳለሁ፣ ልምምዱ ሲያልቅ ፈርሜ እመልሳለሁ።

የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ አቶ በዛብህ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ጊታሩን አገላብጠው ሳያዩ አይረከቡኝም። አንድ ቀን ስሄድ ደረቱ ላይ በነጭ ቀለም የንብረት ቁጥር ጽፈውበት አገኘሁ። ያን ሁሉ ቅዳሜ በእጃችን ያሸነው ደረት ላይ። ምነው ብላቸው፣ ትእዛዝ ነው አሉ፤ ቀና ብለውም አላዩኝ። ከሊቀመንበሩ ይልቅ እሳቸውን ጠላሁ።

መንግሥት የተለወጠ ሰሞን የቀበሌው ንብረት ክፍል እየተዘረፈ ነው ሲባል ሮጥኩ። ስደርስ ባዶ ነው፤ የመስኮቱ መዝጊያ እንኳ ተነቅሏል። በቃ፣ ቁርጤን አወቅሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ረፋድ ላይ በር ተንኳኳ። አቶ በዛብህ ናቸው። በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈዋል፣ ብብታቸው ሥር መዝገብ ይዘዋል። ዘረፋው ሳይጀመር ጊታሩን ወደ ቤታቸው ወስደው አልጋቸው ሥር ደብቀውት ኖሯል።

"እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ" አሉ።

"በገዛ ዕቃዬ? ቀበሌውስ የት አለና ነው የምፈርመው?"

"ቀበሌው ባይኖር እኔ አለሁ። በፊርማ የያዝኩትን በፊርማ ካላስረከብኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።"

የዚያ ሁሉ ጊዜ ንዴት እዚያ መዝገብ ላይ ወጣ። ወረቀቱ እስኪቀደድ ተጭኜ ፈረምኩ፤ ጊታሩን ከእጃቸው ነጠቅ አድርጌ በሩን ዘጋሁት። ይግቡ እንኳ አላልኳቸውም።

የሚኖሩት ኮተቤ እንደሆነ የሰማሁት በኋላ ነው። በዚያ ሰሞን ታክሲ እንደልብ አልነበረም፤ በእግራቸው ነው የመጡት። ልቤ ሲመለስ ቤታቸውን አፈላልጌ ሄድኩ። ወደ አገራቸው ገብተዋል አሉኝ።

ሊቀመንበሩን ዛሬ መንገድ ላይ ባገኘው ሰላም የምለው ይመስለኛል። ያን ሁሉ ደጅ ጥናት እያወራሁ እስቅበታለሁ። አቶ በዛብህን ሳስብ ግን በራሴ እናደዳለሁ። በዚያ ዕድሜያቸው ዕቃዬን ታቅፈው ከኮተቤ ቦሌ ድረስ ለመጡ ሰው አንድ ብርጭቆ ውሃ አላቀረብኩም።