ዳገት ላይ የሚጠፋው ኮምፒውተር

በ2009 ዓ.ም. ክረምት፣ ዝናቡ የነቀምቴን ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ፣ የኮምፒውተር ጥገና ሥራ ጀመርኩ። የሱቁ ባለቤት ኦቦ ገመቹ አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ የቀለም ብሩሽና አንድ ፍላሽ ሰጡኝ። በካቻቢቴው እፈታለሁ፣ በብሩሹ አቧራ እጠርጋለሁ፣ በፍላሹ ፎርማት አደርጋለሁ፤ ውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍቼ እንደ አዲስ እጭናለሁ። ሥልጠናው በዚህ አበቃ። አምስት ደቂቃ ፈጀ፤ ግማሹን ስልክ ያወሩ ነበር።

«ቢዘገይስ?» አልኳቸው።

«ፎርማት።»

«ባይበራስ?»

«ፎርማት አልኩሽ እኮ፣ ሃዳ ሚልኪ!»

ሃዳ ሚልኪ ማለት የሚልኪ እናት ማለት ነው። በሱቁ ሌላ ስም የለኝም። የማይበራ ኮምፒውተር እንዴት ፎርማት እንደሚደረግ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ማዕረግ ነበረን። ኦቦ ገመቹ «ኢንጂነር» ናቸው፤ እኔ «ጠራጊ»። በሦስተኛው ዓመት «ቴክኒሻን» ተባልኩ። ልዩነቱ፣ ቴክኒሻን ከጠረገች በኋላ ትጠግናለች።

ደንበኛ ይዞት የሚመጣው በሽታ አንድ ነው፤ ቫይረስ። ከጉቴ ከተማ አንድ መምህር ወረቀት ያላስገባበትን ፕሪንተር ቫይረስ ያዘው ብሎ በባጃጅ አምጥቷል። ወረቀት አስገባሁለት። «ገለቶሚ፣ አንቺ እጅሽ መድኃኒት ነው!» ብሎኝ ሄደ። ጌታ ይመስገን፤ የቀለለ ቀን ነበር።

ከሥራው የተማርኩት ጥቂት ነው። አንድ ዕቃ ብቻ ቀይሪ፤ ፈትኚ፤ ካልሆነ ወደ ቦታው መልሺና ሌላውን ቀይሪ። ሁለት ነገር በአንዴ የቀየረ ሰው ቢሳካለት እንኳ ምን እንዳዳነው አያውቅም።

በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ጋሽ እንድሪስ መጡ። ወሎዬ ናቸው፣ ቤተሰባቸው ኪራሙ ሰፍሮ የኖረ። በኪራሙ መንገድ ኢሱዙ ሲነዱ ኖረው፣ አገሩ ሲረበሽ መኪናውን ሸጠው ነቀምቴ ገቡ። የእህታቸው ልጅ ከአዲስ አበባ የጌም ኮምፒውተር ገጣጥሞ ላከላቸው። ገጣጥሞ ስል፣ ከአንድ ቢሮ የወጣ አሮጌ ሳጥን ውስጥ ሥዕል የሚያወጣ ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ሰክቶ ማለቴ ነው። እሳቸው በዚያ ኮምፒውተር ከባድ መኪና ይነዳሉ፤ በጌም።

«መንገዱ ይንገጫገጫል» አሉኝ። «ኮረኮንች ላይ የምነዳ ነው የሚመስለው። አስፋልት ነው እኮ!»

ከፈትኩት። የስክሪኑ ገመድ የተሰካው ማዘርቦርዱ ላይ ነው። ግራፊክስ ካርዱ ከተገዛ ጀምሮ ደመወዝ ብቻ እንደሚቀበል ሠራተኛ ቁጭ ብሏል። ገመዱን ወደ ካርዱ አዞርኩ፤ ፈተንኩ። ብዙ ተሻለው። ራሙም አንድ ፍሬ ብቻ ነበር፤ ጥንዱን ጨመርኩለት፤ አስፋልቱ አስፋልት ሆነ።

ጋሽ እንድሪስ ወደ ሳጥኑ አጎንብሰው አዩ። «ራዲያተሩ የት ነው?»

ኦቦ ገመቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። «ፋን አለው ጋሼ፣ አይስጉ» አልኳቸው። መርቀውኝ ሄዱ።

በሳምንቱ ተመለሱ። «ዳገት ላይ ጠፋብኝ። መጀመሪያ ጉልበት ያጣል፤ ከዚያ ድርግም! አንቺ ሳትነኪው ይንገጫገጫል እንጂ ጠፍቶብኝ አያውቅም፣ ወላሂ።»

ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ፣ ክዳኑን አነሳሁ፣ ጌሙን ከፈትኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ዳገት ወጣ። አልጠፋም። ፓወር ሰፕላዩን በሱቁ ደህና ፓወር ሰፕላይ ቀየርኩ፤ ያው ነው። ራሞቹን አንድ በአንድ ፈተንኩ፤ ደህና። አቧራውን ጠርጌ «ጤነኛ ነው» ብዬ መለስኩላቸው። ቤት ሲደርስ ጠፋ። ደግመው አመጡት፤ ሱቅ ውስጥ እንደ መልአክ ሠራ። ወሰዱት፤ ጠፋ።

በሦስተኛው ጊዜ ሲመጡ ሱቁ ሙሉ ነበር። ጋሽ እንድሪስ ሳጥኑን አስቀመጡና ጮክ ብለው ተናገሩ።

«ካርዴን ቀይራችሁብኛል። ደህናውን ወስዳችሁ ድውዩን ሰክታችሁልኛል።»

«ማን ነው የነካው?» አሉ ኦቦ ገመቹ፣ የማያውቁ ይመስል።

«እሷ ናት።»

«እኔ የሰው ዕቃ አልወስድም ጋሼ» አልኳቸው።

«ሌባ ሌባ ነኝ ይላል እንዴ?»

ኦቦ ገመቹ ወደ ጓዳ ጠሩኝ። «እስከ ሰኞ ማታ ምክንያቱን ካላገኘሽ ቁልፉን ታስረክቢያለሽ። ሱቄ ስም አለው።» እኔም ስም ነበረኝ። ሦስት ልጆችም።

ወረፋ ከሚጠብቁት አንዷ ከእኔ ጋር በመዘምራን የምታገለግል ነበረች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሦስት ሴቶች ያለወትሯቸው እጃቸውን ጭነው ጸለዩልኝ። ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ፍቅራቸው ፈጣን ነው፤ ወሬያቸውም።

ቤቴ ገብቼ እኔም ለራሴ ጸለይኩ። ካርዱን፣ ራሙን፣ ፓወር ሰፕላዩን በየተራ ፈትኛለሁ። አንድም ጊዜ ያልፈተንኩት የሚቀመጥበትን ቦታ ነው።

ሰኞ ሳጥኑን ተሸክሜ ጋሽ እንድሪስ ቤት ሄድኩ። ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ በሩ ላይ ተቀበሉኝ። ጋሽ እንድሪስ ሰላምታዬን ለግድግዳው መለሱ።

«እትዬ፣ ዘወትር እንደሚያደርጉት አድርገው ያስቀምጡልኝ» አልኩ።

እትዬ ዘሀራ ሳጥኑን ቡፌው ውስጥ፣ በብርጭቆዎቹና በግድግዳው መካከል፣ ልክክ አድርገው አስገቡት። ገመዶቹን ሰካኩ። ቀጥለው ላስቲክ አለበሱት፤ አቧራ እንዳይገባ። በላስቲኩ ላይ በእጃቸው የሠሩትን ነጭ ዳንቴል ደረቡለት፤ ላስቲኩ እንዳይታይ። በዳንቴሉ ላይ የላስቲክ አበባ አቆሙ። በሠርጌ ቀን እኔ ያን ያህል አልለበስኩም።

ሙቀት የሚያሳየውን ፕሮግራም በስክሪኑ ጥግ ከፈትኩና «ይንዱ ጋሼ፣ ዳገቱን» አልኩ።

ነዱ። ቁጥሩ ወጣ። ሰማንያን አለፈ፤ መኪናው መጎተት ጀመረ። ዘጠናን አለፈ፤ ሥዕሉ ተቆራረጠ። ከዚያ ድርግም።

«ይኸው!» አሉ ጋሽ እንድሪስ። «አላልኩሽም?»

«ብለውኛል። ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ጉልበቱን ይቀንሳል፤ አልሆን ሲለው ይጠፋል። ራዲያተሩን የጠየቁኝ ጊዜ ስቄያለሁ። ራዲያተሩ እዚህ ጋ ነው።» ዳንቴሉንና ላስቲኩን ገለጥኩ። እጃቸውን አስጠጉና ቶሎ መለሱት።

«ያ ረቢ! ዘሀራ፣ ራዲያተሩን ብርድ ልብስ አለበስሽው?»

«ታዲያ ራቁቱን ይቀመጥ?»

«ቆይ» አሉ ወደ እኔ ዞረው፤ ገና አልለቀቁኝም። «ድሮም ለብሶ ነበር። ያኔ ለምን አልጠፋም?»

«ያኔ ካርዱ አይሠራም ነበር ጋሼ። ገመዱ ወደሱ ሲዞር ነው ሥራ የጀመረው።»

«ባዶውን የሚሄድ መኪና አይሞቅም» አሉ ቀስ ብለው። «አንቺ ጭነት ጫንሽበት።»

እትዬ ዘሀራ ዳንቴሉን ይዘው ቆመዋል። «ከኪራሙ ከወጣን ወዲህ እሱ እንዲህ አልተናገረም ነበር» አሉኝ። «ከነጋ ጀምሮ እስኪመሽ ግድግዳ ያያል። ይህ ሳጥን መጥቶ ነው አፉ የተከፈተ። እንዴት አላለብሰው?»

ሳጥኑን ከቡፌው አውጥቼ በርጩማ ላይ፣ ከግድግዳው ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩት። «ሲጠፋ ያልብሱት፤ ሲበራ ያውልቁለት» አልኳቸው። ጋሽ እንድሪስ ዳገቱን ወጡ፣ ወረዱ፣ ሌላ ዳገት ወጡ። ቁጥሩ ሰባ ላይ ቆመ።

ስልካቸውን አወጡና ድምፁን ከፍ አድርገው ኦቦ ገመቹ ጋ ደወሉ። «እንድሪስ ነኝ። ሌባ ያልኩት እኔ ነኝ፤ የተሳሳትኩትም እኔው ነኝ። በሰው ፊት ነው ያልኩት፤ ሱቁ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይስማ።»

«እኔማ ድሮም አውቃለሁ» አሉ ኦቦ ገመቹ። «ሃዳ ሚልኪን ማን ይጠረጥራል?»

ጌታ ይባርካቸው። የእሳቸው ትውስታ ምንጊዜም ለፎርማት ዝግጁ ነው።

ጥፋቱ ግን የእትዬ ዘሀራ አልነበረም። ክዳኑን አንስቼ፣ የበሩ ነፋስ በሚያገኘው ጠረጴዛ ላይ ፈትኜ፣ «ጤነኛ ነው» ያልኩት እኔ ነኝ። ማሽን የሚፈተነው እንደሚኖርበት ሆኖ ነው። ሌላ የማስተምረው ነገር የለኝም።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁን ከፈትኩ። ቅዳሜ ክዳኑን አንስቼ ፈትኜ «አልቋል» ብዬ የጻፍኩበት የአንድ ጸሐፊ ኮምፒውተር ጠረጴዛው ላይ ነበር። ክዳኑን ገጥሜ አራቱንም ብሎን አሰርኩ፣ ጥግ ላይ ግድግዳ አስጠግቼ አበራሁት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጠፋ። ለባለቤቱ ደወልኩና «ዛሬ አይደርስም» አልኩት።