ከጭንቅላት ብቻ

የኮሌታ ሰፊዋ ኀፍረት ከየት እንደመጣ እንዲገባን መጀመሪያ ስልኳ ላይ ያለው የጓደኞቿ ግሩፕ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ አለብን። አንድ ክፍል አብረው የተማሩ ዘጠኝ ሰዎች ናቸው፤ ዛሬ ሁሉም ወደ ሃምሳ ተጠግተዋል። ጠዋት ጠዋት ወሬያቸው እንደማንኛውም ሰው ወሬ ነው፦ «እንዴት አደራችሁ»፣ «ጉልበቴ ዛሬም አልለቀቀኝም»፣ «ውሃ ሄደችብን፣ እናንተጋስ?» በምሳ እረፍት፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ግን ተረኛው አንድ ጥያቄ ይጥላል። ዝሆን መዝለል ይችላል? ጨረቃ ላይ ድምፅ ይሰማል? መልሱ በሁለት ደቂቃ ውስጥ መምጣት አለበት፤ ሕጉ ደግሞ አንድ ነው፦ ከጭንቅላት ብቻ። ኢንተርኔት ገብቶ መፈለግ ክልክል። ማን ይቆጣጠራል? ማንም! የጨዋታው ውበት ይኸው ነበር፤ ዘጠኝ ሰው ተማምኖ መጫወቱ።

በዚህ ጨዋታ ኮሌታ ሰፊዋን ሦስት ዓመት ሙሉ የረታት የለም። ስሟን ትተው «ፕሮፌሰር» ይሏታል፤ ሲያቆላምጧት «ፕሮፍ»። የደንብ ልብስ በሚሰፋበት አዳራሽ ከመስኮቱ ሦስተኛው መኪና የእሷ ነው። ሁለቱን ጨርቅ ፊት ለፊት ገጥማ ትሰፋለች፣ ጠርዙን በመቀስ ታሳጥራለች፣ ትገለብጠዋለች፣ ከዚያ ሹል ጫፉን በቀጭን እንጨት ገፍታ ታወጣዋለች። ኮሌታ፣ ኮሌታ፣ ኮሌታ። ከዘጠኙ ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ያልቀጠለችው እሷ ብቻ ናት።

ማታለያዋ ደረጃ በደረጃ የተሠራ ነበር። ጥያቄው እንደመጣ ገልብጣ ፍለጋው ላይ ትለጥፋለች። መልሱ እስኪከፈት «ቆይ ቆይ፣ አፌ ላይ ነው!» ብላ ትጽፋለች። ያገኘችውን የራሷ እንዲመስል አሳጥራ ትልካለች። በሳምንት አንዴ ደግሞ ሆን ብላ ትሳሳታለች፤ ሁሌ የሚያውቅ ሰው ይጠረጠራላ! ሲጀመር እንዲህ አላሰበችም። አንድ ቀን ያላወቀችውን ፈልጋ መለሰች፤ ከዘጠኙ አንዷ፣ ሆስፒታል የምትሠራው ነርስ፣ «አንቺ ሴት፣ ጉድ እኮ ነሽ!» አለቻት። ያቺ «ጉድ ነሽ» ጣመቻት።

አንድ ማክሰኞ ተራው የሹፌሩ ሆነ። ከባድ መኪና ነጂ ነው፤ ተማሪ ሳሉ ከኮሌታ ሰፊዋ ኋላ ስለማይጠፋ «ተሳቢ» የሚል ስም ወጥቶለት ቀርቷል። ሁሌ ስለ ኳስ የሚጠይቀው ሰው ያን ቀን እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «የልብ በር ስንት ነው? አንዱ አልዘጋ ቢልስ ምን ይመጣል?»

ኮሌታ ሰፊዋ እንደልማዷ ገልብጣ ፈለገች። የምታነበው ነገር ራሷንም ደስ አሰኛት፤ በእርግጥም ድንቅ ነገር ነው። ልብ ውስጥ አራት በሮች አሉ፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይከፈታሉ፤ ደም ያልፋል፣ ተመልሶ እንዳይመጣ ይዘጉበታል። ጽሑፉ ረጅም ነበር። ከነርሷ ስም ሥር «እየጻፈ ነው» የሚለው ምልክት ሲመጣ ኮሌታ ሰፊዋ እንዳትቀደም ሰጋች። የመጨረሻውን መስመር ቆርጣ አስቀርታ ሌላውን ላከች፦

«አራት! አንዱ ካልዘጋ ደም ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ልብ ይደክማል፣ በመጨረሻ ሰውየው ይሞታል። ነጥቤን አምጡ!» የምትጨፍር ድመትም አስከተለች።

ሹፌሩ «እሺ ፕሮፍ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ጻፈ።

ሐሙስ ከሰዓት ነርሷ ደወለች።

«ተሳቢ ሚስቱን ሆስፒታል ሳያመጣት ቀረ» አለች። «ዛሬ ነበር ቀጠሮዋ።»

«የምን ቀጠሮ?»

«የልቧ በር ነው የማይዘጋው። ቀዶ ሕክምና ታዞላታል። እሱ ግን ‹መሞቷ ካልቀረ ለምን ትቆረጣለች› ብሎ ቤት አስቀመጣት። ያን ዕለት ሙሉውን ልጽፍ ስል ቀደምሽኝ፤ ጨዋታ መስሎኝ አጠፋሁት። አሁን ብለምነው ባስረዳው አይሰማኝም። ‹አንቺ የሆስፒታሉ ሰው ነሽ። ፕሮፍ ግን ከጭንቅላቷ ነው የነገረችኝ፤ ልትዋሸኝ ምን ጥቅም አላት?› ይለኛል።»

ኮሌታ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አጠፋች። ፊቷ ካውያ እንደቀረበው ሰው ጋለ። ወደ ደረጃው ወጥታ ደወለችለት፤ ያኔም እንኳ ክብሯን ይዛ ለማምለጥ ሞከረች።

«ስማ ተሳቢ፣ ያን ቀን አንድ ነገር ረስቼ...»

«ነርሷ ናት ያስደወለችሽ» አላት። «ልታጽናኑኝ ነው። አንቺ እንኳ አትዋሺኝ።»

ሌላ መውጫ አልነበረም።

«ከጭንቅላቴ አልነበረም።»

«ምኑ?»

«መልሱ። ከኢንተርኔት ገልብጬ ነው። እንዳልቀደም ብዬ መጨረሻውን ቆረጥኩት።»

«የልቡን?»

«ሁሉንም። ሦስት ዓመት ሙሉ።»

ከዚህ ሁሉ መሃል፣ «የዝሆኑንም?» ብሎ ጠየቃት።

«የዝሆኑንም።»

«እሱንማ በየመንገዱ ለስንቱ ሰው አወራሁት። ‹አብራኝ የተማረች ልጅ አለች፣ ከስምንተኛ አልዘለለችም፣ ግን ከተማሩት ይበልጥ ታውቃለች› እያልኩ።»

ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

«የቆረጥሽውን አንብቢልኝ» አላት።

ገጹን ከፈተች። «ዛሬ ግን ብዙውን ጊዜ የማይዘጋውን በር በቀዶ ሕክምና መጠገን ወይም በሌላ መተካት ይቻላል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ብዙዎች ይድናሉ።» እሱ እያንዳንዱን ቃል ክፍሉ ውስጥ ላለች ሰው ሲደግምላት ይሰማል። የደከመ የሴት ድምፅ «ማን ናት?» አለ።

«ፕሮፌ...» ብሎ አቋረጠው። «ጓደኛዬ ናት። ከስልክ እያነበበችልኝ ነው።»

«እስቲ ትድገመው።»

ደገመችው። ሹፌሩ ነገ በጠዋት ሚስቱን ሆስፒታል ይዟት እንደሚሄድ ተናገረና «ለሌሎቹ እኔ አልነግርም» አለ። «ራስሽ ንገሪያቸው።» ስልኩን ዘጋ።

ግሩፑን ከፈተች። «እንዴት ዋላችሁ» ብላ ጻፈች። ወዲያው ተንጫጩ፦ «ፕሮፍ! የት ጠፋሽ?» «ዛሬ ያላንቺ ጥያቄው ሳይመለስ ቀረ!» «ኑ፣ ዕውቀት መጣች!» አንዱ እንዲያውም የዕለቱን ጥያቄ መልሶ ለጠፈላት።

ጥያቄውን አላነበበችውም። «አንድ ነገር ልንገራችሁ» ብላ ጻፈች፤ ስምንቱም መጠበቅ ጀመሩ።