የእህቴ ምልክትና የእማማ ጾም

እህቴ አርግዛ እንደሆነና እንዳልሆነ የአራዳ ሴት ሁሉ ከጊዮርጊስ ደጅ ያነብ ነበር። ፊደል ያልቆጠሩት እንኳ ይህን ማንበብ ይችሉበታል። የወር አበባዋ የመጣባት ሴት ቤተ ክርስቲያን ስለማትገባ ከበሩ ውጭ ቆማ ታስቀድሳለች። እህቴ ውጭ በቆመች ቁጥር አማቷ ከውስጥ አንገታቸውን አስግገው ያዩዋታል፤ ቅዳሴው ሳያልቅ ወሬው ወንዝ ተሻግሯል።

አማቷን እኔም እንደ ሰፈሩ እማማ ነው የምላቸው። ልጃቸው፣ የእህቴ ባል፣ ገበያው ውስጥ አቡጀዲ ይሸጣል። ጨርቅ ሲቀድ እንኳ እናቱን አስፈቅዶ የሚቀድ ይመስለኛል። እኔ አምና እህቴን ላግዝ መጥቼ እነሱ ዘንድ ተቀመጥኩ። ከፈረንጅ አስተማሪ ጽሕፈት ከተማርኩ ወዲህ እርሳስ ካልያዝኩ እጄን ይበላኛል።

በመስከረም እማማ ቆረጡ። «ሦስት ዓመት ጠብቄአለሁ። እስከ ጥምቀት ካላረገዝሽ በማግሥቱ ጓዝሽን ይዘሽ እናትሽ ዘንድ» አሏት። እህቴ ማታውን አለቀሰች። ባሏን ትወደዋለች፤ ምኑን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ትወደዋለች።

እማማ የራሳቸው መመርመሪያ ነበራቸው። ጠዋት ጠዋት የእህቴን ዐይን ቆብ ገልብጠው ያያሉ፣ የአንገቷን ሥር ይዳስሳሉ፣ ሎሚውን ይቆጥራሉ። ሎሚ ከጎደለ ተስፋ ነው። አንድ ቀን ሁለት ሎሚ ጎድሎ ቤቱ ሁሉ በደስታ ሲታመስ ዋለ። የበላሁት እኔ ነበርኩ።

እህቴ በድብቅ ከወንዙ ማዶ ወደሚኖሩ አንዲት የወሎ አዋላጅ ወሰደችኝ። ሴትዮዋ ሳቁብን። «ሎሚ ቆጥሮ ያረገዘ አላየሁም፤ የራስሽን ገላ ቁጠሪ እንጂ። ደሙ ሲቆም ትደርቂያለሽ። ቀጥሎ እርጥቡ ይመጣል፤ እንደ አጥሚት ወፈር ሲል ተዪው። እንደ ጥሬ እንቁላል ነጭ ጠርቶ ሲሳብ፣ ባልሽን ያኔ ፈልጊው። ከዚያ ወዲያ ይደርቅና እስከ ሌላ ወር ደህና ሁኚ ይልሻል። ቀኑን ማን ይይዝልሻል?»

እህቴ ወደኔ ጠቆመች።

ደብተሬን በሦስት ዓምድ አሰመርኩት፦ ቀኑ፣ ምልክቱ፣ «እሱ የት አደረ»። ሦስተኛው የኔ ፈጠራ ነው። እህቴ ጠዋት እየተሽኮረመመች በጆሮዬ ትነግረኛለች፣ እኔም እንደ ጸሐፌ ትእዛዝ ተኮፍሼ እጽፋለሁ።

በገና ሰሞን እማማ ደብተሩን ከፍራሼ ሥር አገኙት። እንደ ሞተ አይጥ በነጠላቸው ጫፍ አንጠልጥለው አወጡትና «ድግምት ነው፤ ልጄን አስደግመሽበታል» አሏት። ወዲያው የንስሐ አባታቸውን አስጠሩ። ቄሱ ደብተሩን ዐይናቸው ሥር አስጠግተው ጮክ ብለው ያነቡ ጀመር።

«ጥቅምት ዐሥራ ዘጠኝ። ምልክቱ መጣ። እሱ፦ ጾመ ጽጌ ነውና እማማ ክፍል፣ መደብ ላይ አደረ።» ገጽ ገለጡ። «ኅዳር ዐሥራ ሰባት። ምልክቱ መጣ። እሱ፦ ጾመ ነቢያት ነውና መደብ ላይ። ታኅሣሥ ዐሥራ አምስት። ምልክቱ መጣ። እሱ፦ እዚያው መደብ ላይ።»

እህቴ መሬቱ ቢሰነጠቅ ትገባበት ነበር። አባ የስምንት ልጆች አባት ስለሆኑ ምልክቱ ምን እንደሆነ አልጠየቁም። «በጽጌና በነቢያት መካከል ጾም የሌለባት ሳምንት ነበረች፤ ያኔስ?» አሉኝ።

«ያኔማ እህቴ ከበሩ ውጭ ቆማ ነበር፣ አባቴ። እማማ አይተዋታል።»

አባ ደብተሩን ዘግተው ወደ እማማ ዞሩ። «ጽጌን ማን አዘዘሽ?»

«የፈቃድ ጾም ነው፣ አባቴ። ለበረከት ብዬ ልጄንም…»

«ልጅሽን አመነኮስሽውና ሚስቱን መካን አልሽ። ቀጠሮሽ ጥምቀት ድረስ ነው፤ እስከዚያ ደግሞ ጾም አስይዘሽዋል። መቼ እንድታረግዝ ነው?»

እማማ ሰባት የወለዱ ሴት ናቸው፤ ሂሳቡ ገብቷቸዋል። ፊታቸው እንደ በርበሬ ቀላ። ያን ፊት ለማየት ሌላ ሦስት ወር ብጽፍ አይቆጨኝም።

«ቀጠሮው ፋሲካ ይሁን» አሉ አባ። «ሁዳዴ እስኪገባ ልጁ ከሚስቱ ዘንድ ይደር።»

«ረቡዕና ዓርብስ?»

«ረቡዕና ዓርብን አልነካሁብሽም።»

ጥምቀት አለፈ፣ ጓዝ ያሰረም የለም። ጥር ዐሥራ ሦስት ምልክቱ መጣ። ሦስተኛውን ዓምድ ባዶ ተውኩት፤ እኔም ይሉኝታ አለኝ።

ጥር ሃያ ዘጠኝ ልማዷ የሚመጣበት ቀን ነበር። እማማ ቅዳሴ ላይ እንደ ለመዱት አንገታቸውን አስግገው በሩ ላይ ይፈልጓት ጀመር። ግራ አዩ፣ ቀኝ አዩ፣ ተንጠራሩ። እህቴ ከኋላቸው ቆማ ነበር። በሚቀጥለው ወርም ከኋላቸው ቆመች። በሁዳዴ አጋማሽ አዋላጇ ሆዷን ዳብሰው እኔን ጠቀሱኝ።

አሁን እማማ ከቅዳሴ ሲወጡ ሴቶቹን ሰብስበው «ጽጌን ጾሜ ያገኘሁት ፍሬ ነው» ይላሉ። ለዚህ አራተኛ ዓምድ አስምሬለታለሁ፦ «እማማ ምን አሉ»።