ይበልጣል ያልነካው ዲስክ

ይህን ታሪክ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ብዙ ሰው ያውቀዋል። የሚያውቀው ግን ያማረውን ግማሹን ብቻ ነው። ሌላውን ግማሽ እስካለፈው ሳምንት ድረስ ለእናቴም፣ ለባሌም፣ ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ንስሐ ስገባ እንኳ ትንንሹን ኃጢአቴን ደርድሬ ይህንን ዘልዬው እነሣ ነበር። ዛሬ ግን አልዘለውም። የምታነቡት ሁሉ እንደ ንስሐ አባት ሆናችሁ ስሙኝ።

እኔ የአምበር ልጅ ነኝ። የኮምፒውተር ጥገና ልማር ደብረ ማርቆስ ስገባ ኮምፒውተር ገና ብርቅ ነበር፤ በየመሥሪያ ቤቱ ጨርቅ ለብሶ ነበር የሚቀመጠው። ማሠልጠኛው ውስጥ አብዛኛውን የተማርነው በሰሌዳ ላይ በተሣለ ሥዕል ነው። እጃችንን ያፍታታነው ለልምምድ በተመደብንበት፣ ለሰው ጽሑፍ በሚተየብበት በእትዬ ዘነበች ጽሕፈት ቤት ነበር። ሁለት ነበርን፤ እኔና ይበልጣል። ይበልጣል ከጉንደ ወይን የመጣ ዝምተኛ ልጅ ነው። ብሎን ሲፈታ እንኳ የፈታውን በየተራው ወረቀት ላይ እያስቀመጠ ነበር። እኔ ፈጣን ነበርኩ። ፈጣን መሆኔን ሰው እንዲያይልኝ የምፈልግ ፈጣን።

በዚያ ክረምት የኔታ ጥበቡ የሚባሉ የቅኔ መምህር ከአማኑኤል ከተማ እየመጡ ቅኔያቸውን ያስጽፉ ነበር። የራሳቸውን ብቻ አይደለም፤ ከመምህሮቻቸው በቃል የተቀበሉትን፣ ሌላ ማንም ያልያዘውን ጭምር። እሳቸው በቃላቸው ይላሉ፣ እትዬ ዘነበች ይተይባሉ። ዝናቡም ጭቃውም አላስቀራቸውም። መጽሐፍ ሆኖ ሊታተም ጥቂት ሲቀረው ኮምፒውተሩ ቫይረስ ገባበት።

«ዊንዶው እንደገና ይጫንበት» አሉ እትዬ ዘነበች። «ግን ይበልጣል ከምሳ ይመለስና አብራችሁ ሥሩት። የየኔታን ጽሑፍ መጀመሪያ ገልብጡልኝ።» ይህን ብለው ወደ ገበያ ወጡ። ይበልጣል ጠዋት የኮምፒውተሩን ሣጥን ከፍቶ አቧራውን አራግፎ ነበር የሄደው። እኔ ብቻዬን ቀረሁ።

ለምን አልጠበቅሁትም? ሲመለሱ ጨርሼ እንዲያገኙኝ፣ «አንቺ ብቻሽን ሠራሽው?» እንዲሉኝ ፈለግሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። የየኔታን ጽሑፍ ሳልገለብጥ የዊንዶውን ሲዲ ከተትኩ። ሰማያዊው ገጽ መጣ። የኮምፒውተሩ ዲስክ ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ አንደኛው ላይ ዊንዶው፣ ሌላው ላይ ጽሑፎቹ። የትኛው ምን እንደያዘ አላውቅም። አለማወቄን አላወቅሁም ብል ግን እዋሻለሁ፤ አለማወቄን አውቅ ነበር። ማሽኑ እርግጠኛ መሆኔን ጠየቀኝ። ጥያቄውን አንብቤ መጨረስ የፈሪ ሥራ መሰለኝ። «አዎ» የሚለውን ተጫንኩት። ሁለቱንም አጠፋሁ። ከዚያ ፎርማት አደረግሁትና ዊንዶው ጫንኩበት፤ ሲያልቅም እንዳማረ ሥራ ፈገግ ብዬ አየሁት።

እትዬ ዘነበች ተመልሰው ጽሑፉን ፈለጉ። ፈለጉ፣ ፈለጉ፣ አጡት። «ማነው የነካው?» አሉ።

አፌ ቀደመኝ አልልም። አልቀደመኝም፤ አስቤ ነው የተናገርኩት። «ጠዋት ይበልጣል ሣጥኑን ከፍቶ ሲነካካ ነበር። እኔ ስጭን ባዶ ነበር» አልኩ።

ይበልጣል በር ላይ ቆሞ ሰማኝ። «እኔ አቧራ ነው ያራገፍኩት። ዲስኩን አልነካሁም» አለና አየኝ። ማን እንዳጠፋው ዓይኔ ውስጥ አነበበ። ይጮሃል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልጮኸም። እትዬ ዘነበች እዚያው አባረሩት። ወሬው በከተማው ቀድሞት ዞረና «የየኔታን ቅኔ ያጠፋው» ተባለ። በር የሚከፍትለት ጽሕፈት ቤት አላገኘም። ትምህርቱን ትቶ ወደ ጉንደ ወይን ተመለሰ። እኔ አባረርኩት። እኔ።

የኔታ ሲነገራቸው «ዕቃው ራሱ አለ?» ብለው ጠየቁ።

«ዲስኩ አለ የኔታ፣ ግን ባዶ ነው» አልኳቸው።

«ባዶ መሆኑን ውስጡ ገብተሽ አይተሻል? እንግዲያው ለእኔ ስጡኝ» አሉ። ከኮምፒውተሩ ፈትተን የሰጠናቸውን ዲስክ ተቀብለው እንደ ዳዊት በቆዳ ማኅደር ከተው፣ በትከሻቸው አንግተው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ እንደ እብድ ተማርኩ። ሰው ጎበዝ ይለኛል፤ ያንን ሰማያዊ ገጽ ለመርሳት እንደምማር ማን ያውቃል? ባሕር ዳር ወርጄ ትምህርቴን ቀጠልኩ። የኮምፒውተሩን ዋና ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱን፣ በመበየጃ ጠገንኩ፤ አልነሣም ያለውን ኮምፒውተር ሁሉ ፊቱ ቁጭ ብዬ አስነሣሁ። አንድ ቀን መምህራችን «ፎርማት ማድረግ መጽሐፉን ማቃጠል አይደለም፤ ማውጫውን መቅደድ ነው። ሌላ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ ገጹ እዚያው አለ» አለን። እስክሪብቶዬ ከእጄ ወደቀ። ለካ እዚያው አለ! ለካ አማኑኤል፣ በየኔታ ጎጆ፣ ማኅደር ውስጥ ተሰቅሎ እየጠበቀኝ ነው!

የጠፋ ጽሑፍ ፈልጎ የሚያወጣ ፕሮግራም ተለማምጄ፣ በሌሎች ዲስኮች ላይ ደጋግሜ ሞክሬ፣ እጄን ካመንኩ በኋላ አማኑኤል ሄድኩ። የኔታ አርጅተዋል። ጽሑፉን ዳግም ለማስጻፍ ሞክረው ግማሹ ከልባቸው ጠፍቶባቸው ነበር። ዲስኩን ሲሰጡኝ «ዘገየሽ» ብቻ አሉኝ።

እትዬ ዘነበች ጽሕፈት ቤት ይዤው ገባሁ። ምንም እንዳይጻፍበት ተጠንቅቄ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር እንደ ሁለተኛ ዲስክ ቀጠልኩት። ይህን ጊዜ እያንዳንዱን ጥያቄ እስከ መጨረሻው አነበብኩ። ፕሮግራሙ ሲፈትሽ ዋለ። ፋይሎች መውጣት ጀመሩ፤ ስማቸው ጠፍቷል፣ ቁጥር ብቻ ናቸው። አንዱን ከፈትኩት። የፈረንጅ ፊደል ዝብርቅርቅ ወጣ። እትዬ ዘነበች ፊታቸውን ሸፈኑ።

እኔ ግን ሣቅሁ። የድሮው የአማርኛ ጽሑፍ የተተየበበት የፊደል ፕሮግራም በሌለበት ኮምፒውተር ላይ እንዲህ ተዘበራርቆ ነው የሚታየው። «እትዬ፣ ያኔ የሚተይቡበት የፊደል ሲዲ የት አለ?» አልኳቸው። ጓዳ ገብተው ከአሮጌ ሣጥን ሥር አወጡት። ጫንኩት። ጽሑፉን መርጬ ፊደሉን ለወጥኩት፤ ያ ሁሉ ዝብርቅርቅ በአንድ ጊዜ ግዕዝ ሆነ። ሙሉ ገጽ! ቀጣዩም! ቀጣዩም! እትዬ ዘነበች እልልታቸውን አቀለጡት፤ ጎረቤት ሁሉ ሮጦ መጣ።

ዊንዶው ላያቸው ላይ ከተጻፈባቸው ጥቂት ገጾች በቀር ሁሉም ወጣ። አማኑኤል ወስደን ደቀ መዛሙርቱ ሲያነቡላቸው የኔታ ብድግ አሉ። የጎደለው ቦታ ሲደርስ ከፊቱና ከኋላው ያለውን ሰምተው የጠፋውን ከልባቸው አወጡት። በእግራቸው መሬቱን እየመቱ «ይኸዋ! ይኸዋ!» ይሉ ነበር። እንዲህ ያለ ደስታ አይቼ አላውቅም። እጄን ይዘው መረቁኝ።

ምርቃቱን ተቀበልኩ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ ማለት ያኔ ምን ነበረበት? ሕዝቡ ደስ ብሎታል፣ ቅኔው ተመልሷል። አላልኩም። ይህ ሁለተኛው በደሌ ነው፤ ከመጀመሪያው ይከፋል፣ ምክንያቱም በዚህኛው ጊዜ ልጅ አልነበርኩም። በዚያ ስም ሱቅ ከፈትኩ፤ ሰው «የሞተ ዲስክ የምታስነሣዋ» ብሎ ከሩቅ ይመጣልኛል።

ባለፈው ሳምንት ጉንደ ወይን ሄድኩ። ይበልጣል እህል ይነግዳል፤ ሚዛን ላይ ጤፍ ሲያፈስ አገኘሁት። ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት። የሚያውቀውን ነው የነገርኩት፤ ቢሆንም ከአፌ ሲወጣ ሰማው። ጣሳውን አስቀመጠ። ይሰድበኛል ብዬ ስጠብቅ፣

«ፎርማት ሆኖ፣ ላዩ ላይ ዊንዶው ተጭኖበት፣ እንዴት ወጣ?» አለኝ።

ከጆንያ ላይ ተቀምጠን አስረዳሁት። ጠየቀኝ፣ መለስኩ፤ ጠየቀኝ፣ አንዳንዱን እኔም አላውቀውም ነበር። ፊቱ ያ የድሮው ይበልጣል ፊት ሆነ። «ሱቄ የአንተም ሱቅ ነው፤ ና፣ አብረን እንሥራ» አልኩት። «ልመጣ እችላለሁ» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «ይቅርታሽን ግን እዚህ ጆንያ መሃል አልቀበለውም። ስሜ የጠፋው በአደባባይ ነው።»

እውነቱን ነው። ለዚህ ነው የጻፍኩት። ፈርቼ ነው አልልም፣ ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ይበልጣልም ልጅ ነበር። ቅኔውን መመለሴ ደስ ይለኛል፣ እስክሞትም ደስ ይለኛል፤ በደሌን ግን አይሽርልኝም።

ነገ ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን ነው። የኔታን ደቀ መዛሙርቱ እትዬ ዘነበች ጽሕፈት ቤት ድረስ ያመጧቸዋል፤ ይበልጣልም እመጣለሁ ብሏል። የኔታ፣ እትዬ ዘነበች፣ ይቅር ይበሉኝ። ባይሉኝም ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ቆሜ፣ ገበያተኛው እስኪሞላ ጠብቄ፣ ይህን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበዋለሁ።