የማንም ያልሆነ ፊደል

አባቴ ለጫት መሸጫ ታፔላ አይጽፍም። ሐርጌሳ ውስጥ ይህን የማያውቅ ባለሱቅ ያለ አይመስለኝም። ለሥጋ ቤት ጽፏል፣ ለጥርስ ሐኪም ጽፏል፤ በአንድ ግድግዳ ለሚሻሙ ሁለት ጎማ ሻጮች ጽፎ ሁለቱንም አስታርቋል። ጫት ሲሉት ግን ብሩሹን አጥቦ ይነሳል። ምክንያቱ ታላቅ ወንድሜ ነው። ወንድሜ ጫት መቃም የጀመረው እንደ ሰው ሁሉ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ እየቆየ ጠዋቱም ከሰዓት ሆነበት። ሥራው ሄደ፣ ሚስቱ ሄደች፤ በመጨረሻ አባቴ ራሱ "ከቤቴ ውጣ" አለውና ወጣ። ዛሬ የት እንዳለ አናውቅም። አባቴም "በእጄ ሰው ወደዚያ አልጠራም" ብሎ በመስጊድ ጓደኞቹ ፊት ማለ።

ሙያውን የተማረው ድሬዳዋ ነው፣ በአማርኛ ፊደል። እኛን ይዞ ወደ ሐርጌሳ ሲመለስ ሶማልኛው የሚጻፈው በላቲን ነበር። ላቲኑን ተቀበለው፤ ግን እንደ ግዕዙ እግር አበጀለት። ስለዚህ የእሱ ጽሑፍ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሳይሆን የቆመ ይመስላል። በሚኒባስ ጅግጅጋ ያር ወደሚባለው ሰፈራችን የሚሄድ ሰው ታፔላውን ሳያነበው የማን እጅ እንደሆነ ያውቃል።

ከዚያ የባነር ማሽን መጣ። እንጀራውን የወሰደበት ማሽን ላይ የምሠራው ደግሞ እኔ ሴት ልጁ ነኝ። ቤት ውስጥ ስለዚህ ጉዳይ አናወራም፤ ዝም አይነቅዝም። ግን የእሱ ግድግዳዎች አንድ በአንድ በኖራ ሲሸፈኑ ሳይ በጣም ተናደድኩ፤ በማን እንደምናደድም አላውቅም ነበር። የቀሩትን በስልኬ እየዞርኩ ፎቶ አነሳኋቸው። ከዚያ ፊደሎቹን ኮምፒውተር ላይ እያጸዳሁ ፎንት ሠራሁ። አሁን ማንኛውንም ቃል ስጽፍ በአባቴ እጅ ይወጣል።

መጀመሪያ ያተምኩት የራሱን ስም ነበር። ወረቀቱን አየና "መቼ ጻፍኩት?" አለኝ።

"አልጻፍከውም አባባ።"

ገልብጦ ጀርባውን አየው። ጀርባው ባዶ ነው። "ማሻአላህ" ብቻ ብሎ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

አለቃዬ ግን ብዙ አለ። "የሽማግሌው ፊደል" እያለ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ያሳይ ጀመር፣ ደንበኛውም ወደደው። በዚያ ሰሞን አባቴ ወደ መስጊድ ሲሄድ ያልጻፋቸውን ታፔላዎች እየቆመ ይመረምር ነበር። አንዱ ሱቅ በር ላይ ፊደሎቹ ተጨናንቀው ቢያገኛቸው ገብቶ ባለቤቱን ይቅርታ ጠየቀው። ደስ ብሎት ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ብዙ አልቆየም እንጂ።

እኔ በሌለሁበት ቀን አንዲት ጫት ሻጭ መጣች። አለቃዬ በአባቴ ፊደል ባነር አትሞ ሰጣት፤ እሷም ወስዳ ከመስጊዱ መታጠፊያ ላይ ሰቀለችው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና አባቴ የሰማው ከሁሉም በኋላ ነው። ከሶላት ሲወጣ አንድ ጓደኛው እጁን ይዞ "አልሐምዱሊላህ፣ ልጅህን ይቅር አልከው ማለት ነው?" አለው። ምን ማለቱ እንደሆነ የገባው መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ነው።

ቤት ገብቶ "ጻፍክ አሉኝ" አለ።

"አልጻፍክም፤ ማሽኑ ነው።"

"እጁ የእኔ ነው። ሄጄ አየሁት።"

በማግስቱ አለቃዬ ላይ ጮህኩበት። "ፊደል ሃይማኖት የለውም" አለኝ። ፎንቱን ከማሽኑ አጠፋሁት፣ ባነሩ ግን እዚያው ተሰቅሏል።

አባቴ ጫት ሻጯን ራሱ ሄዶ አነጋገራት። የሐረር ልጅ ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ጨዋ። "አባባ፣ ወላሂ ላስቀይምዎ ብዬ አይደለም። እርስዎ የጻፉት ሲመስል ሰው ያምነኛል። ሌላ ያምጡልኝ፣ ይህን ራሴ አወርደዋለሁ" አለችው።

ሌላ ማምጣት ማለት ግን መሐላውን አፍርሶ ለጫት መጻፍ ማለት ነበር። አባቴ አሰበበትና የእሱ የማይመስል ነገር ከጻፈ እሱ እንዳልጻፈው ይቆጠራል አለ። ጣውላ አምጥቶ ግቢ ውስጥ ተቀመጠ፤ ዕድሜ ልኩን አሳምሮ የጻፈ ሰው አበላሽቶ ለመጻፍ ይታገል ጀመር። አልሆነለትም። ብሩሹን ወደ ግራ እጁ አዛወረ። በግራ እጁ የጻፋቸውም እግር ነበራቸው።

ያን ጊዜ ነው ረግጦት የማያውቀውን የእኛን ማተሚያ ቤት የረገጠው። አለቃዬ ሻይ አዘዘለት፤ አልጠጣውም። አጠገቤ ተቀመጠና "የማንም ያልሆነ ፊደል ስጪኝ" አለኝ።

ማሽኑ ውስጥ ያሉትን አንድ በአንድ አሳየሁት። አንዱን በጣቱ ነካው።

"ይሄን ማን ጻፈው?"

"አላውቅም። የውጭ አገር ሰው ይሆናል።"

"በሕይወት አለ?"

"አላውቅም አባባ።"

"ልጆች አሉት?"

"እኔ ከየት አውቃለሁ!" አልኩ፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ደንበኞቹ ዞረው አዩን።

እሱ ግን አልተቆጣም። ፊደሉን ብዙ አየው። "የሰው እጅ ነው እንግዲህ" አለ። "በሰው አባት እጅ አልጠራም። ተይው፣ የእኔው ይቆይ።"

ሊሄድ ተነስቶ በሩ ላይ ቆመ።

"ወንድምሽ በዚያ ቢያልፍ እጄን ያውቀዋል?"

"ያውቀዋል" አልኩት። ቀለሙን ሲበጠብጥለት ነው ያደገው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴ የዐስርን ሶላት ከሰገደ በኋላ የሚገኘው ጫት ሻጯ ባወጣችለት ወንበር ላይ፣ ከባነሩ ሥር ነው። የመስጊድ ጓደኞቹ ምን እንደሚሉ አልጠየቅኩም። የሚመጣውን ሰው ሁሉ ፊቱን ያየዋል። ወንድሜ እስካሁን አልመጣም።